አራተኛው ክዳን

ታም ጊልክሪስት ሰው ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው ኮርኒሱን ነው። «ታም የቤቱን ባለቤት መንገድ ላይ ቢያገኘው አይለየውም፤ የሳሎኑ መብራት የት እንደተሰቀለ ግን ይነግረዋል» እያሉ ግሪኖክ በምትባለው የወንዝ ዳር ወደብ ከተማ ውስጥ ይቀልዱበታል። ምን ያድርግ? አርባ ሁለት ዓመት ሙሉ እንጀራው የተንጠለጠለው እዚያ ላይ ነው።

ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። የአሮጌ ቤት ሽቦ ነቅሎ አዲስ ይዘረጋል። የወለሉን ጣውላ ያነሳል፣ ግድግዳውን ይሰረስራል፣ ከሰው አልጋ ሥር በሆዱ እየተሳበ የሌላ ዘመን አቧራ ይበላል። ዕድሜው ስልሳ ሦስት ነው። ጉልበቶቹ ከእሱ ቀድመው ጡረታ ወጥተዋል። ማጅራቱ ጠዋት ጠዋት እንዳልተቀባ ማጠፊያ ሲጢጥ ይላል። ሐኪሙ «ከመሰላል ውረድ» ካለው ሦስት ዓመት አልፏል። እሱም «እሺ፣ ይቺን ቤት ብቻ ልጨርስ» እያለ ሃያ ቤት ጨርሷል። በዚህ ኅዳር ግን የምሩን ነው። የሚሲስ ካርስዌልን ቤት ሲያበቃ መሰላሉን ለጎረቤት ሰጥቶ ሊቀመጥ ቆርጧል።

ድካሙን ከሥራ ብዛት ነው የሚል ካለ ታምን አያውቀውም። ሥራ ያደከመው ሰው ቅዳሜ ተኝቶ እሑድ ይነሳል። ታም ላለፉት አሥራ ዘጠኝ ዓመታት አልተነሳም። ያደከመው አንድ የፕላስቲክ ክዳን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጭስ ማንቂያ ከፋብሪካ ሲመጣ ቀይ የፕላስቲክ ክዳን ለብሶ ነው። ልስኑ ሲፋቅ፣ ግድግዳው ሲቀባ አቧራ እንዳይገባበት ነው። ሥራው ሲያልቅ ክዳኑ ይወልቃል። ካልወለቀ ማንቂያው አፍንጫው እንደተደፈነ ሰው ነው፤ ቤቱ በጭስ ቢሞላ አይሸተውም። ተንኮሉ ደግሞ እዚህ ላይ ነው፦ የመሞከሪያ ቁልፉን ሲጫኑት ክዳን ኖረው አልኖረው ይጮሃል። የሠራው ሰው ይሰማል፣ ባለቤቱ ይሰማል፣ ሁሉም ደስ ብሎት ይለያያል።

ሚስተር ሌኪ ከኮረብታው ግርጌ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ መርከብ ሲበይዱ አርጅተው ጡረታ የወጡ ሰው ነበሩ። ታም የቤታቸውን ሽቦ በአንድ ሳምንት ቀየረላቸው። በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ ከመሰላል ያስወርዱትና ከድስት የወጣ ትኩስ ቺፕስ ጋዜጣ ላይ ዘርግተው «ብላ፣ ቀጭን ሰው ኤሌክትሪክ ቶሎ ይይዘዋል» ይሉት ነበር። ያን ጊዜ ሕጉ እንደዛሬው አልጠበቀም። ታም አንድ ማንቂያ ኮሪደሩ ላይ ከኩሽናው በር ፊት ለፊት፣ አንድ ደግሞ ፎቁ ላይ ሰቀለላቸው። ሞከረው፣ ጮኸ። ያን ጊዜ ልማዱ ያወለቀውን ክዳን ከቁርጥራጭ ሽቦው ጋር የሆነ መደርደሪያ ላይ ትቶ መሄድ ነበር።

በአራተኛው ወር ድስቱ እሳት ላይ ተረሳ። ሚስተር ሌኪ ሳሎን ወንበራቸው ላይ እንዳሸለቡ ጭሱ ወሰዳቸው። ግድግዳ የሚጋሩት ጎረቤቶች የማንቂያ ድምፅ አልሰማንም አሉ። የእሳት አደጋው መርማሪ ከኮሪደሩ የወደቀውን ማንቂያ ለታም አሳየው፤ እንደ ሰም የቀለጠ ነጭ እብጠት ነበር። በነጩ መሐል ቀይ ጭረት ነበረበት።

«ክዳኑን አውልቀኸው ነበር?» አለው መርማሪው።

«አውልቄዋለሁ» አለ ታም።

መርማሪው ጻፈና ሄደ። ማንም አልከሰሰውም፣ ማንም አልወቀሰውም። የከፋውም እሱ ነው፤ የወቀሰው ሰው ቢኖር ተከራክሮ ይወጣለት ነበር። ታም ግን ክዳኑን ማውለቁን አያስታውሰውም። እጅ የለመደውን ሥራ ሲሠራ ለራስ አይነግርም። ቀዩን ጭረት ግን በዓይኑ አይቶታል፤ ስለዚህ አላወለቀውም፤ ስለዚህ ሽማግሌውን የገደላቸው እሱ ነው። እንዲህ አድርጎ ፈረደና መዝገቡን ዘጋው።

ከዚያ ወዲህ ያወለቀውን ክዳን ሁሉ በጃኬቱ ግራ ኪስ ይዞ ይወጣል። ከቤቱ በር ሳይርቅ ይቆጥራል። ቤቱ ሲደርስ ደግሞ ጠረጴዛ ላይ ዘርግፎ ሚስቱ ፊት ይቆጥራል። ሪና ክዳኖቹን ለአበባ ማሰሮዎቿ ማስቀመጫ ታደርጋቸዋለች፤ የመስኮቷ ጠርዝ በቀይ ክዳን ተሞልቷል። «ስንት?» ትለዋለች። «ሦስት» ይላታል። «ስንት ነበር የሰቀልከው?» ትለዋለች። «ሦስት።» ከዚያ ሻይ ይቀዳል። የሌኪን ስም ከሁለቱ አንዳቸውም አያነሱትም።

ሚሲስ ኤፊ ካርስዌል ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነው። ረጅም ሴት ናቸው፤ በወጣትነታቸው ስኳር ፋብሪካ ውስጥ ጆንያ ይቆልሉ ነበር። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ከአንዲት ወፍራም ድመት ጋር ይኖራሉ። በመስከረም ድስታቸው ተቀጣጥሎ የኩሽናውን መጋረጃ በላው። እሳቱን በእርጥብ ፎጣ እሳቸው ራሳቸው አጠፉት፤ ይሁን እንጂ የመጣው ባለሙያ ግድግዳው ውስጥ ያለውን ሽቦ አይቶ ራሱን ነቀነቀ። አበርዲን ከተማ የምትኖረው ልጃቸው ሼና ሰማች። ሼና ሁለት ምርጫ ሰጠቻቸው፤ ሽቦው ተቀይሮ ማንቂያው ሕጉ በሚለው መሠረት ይገጠማል፣ ወይም ወደ አረጋውያን መጦሪያ ይገባሉ። አንድ ጊዜ እንኳ ደግመው ጭስ ካስነሱ ደግሞ ምርጫም የለም።

ይህን ለታም የነገሩት በሥራው መጀመሪያ ቀን ነው፤ እሱ የሳሎኑን ጣውላ ሲያነሳ እሳቸው ወንበራቸው ላይ ሆነው እግራቸውን ከፍ አድርገው።

«መጦሪያውን አይቼዋለሁ» አሉት። «ንጹሕ ነው። ሁሉም ሰው ግድግዳ ዳር ተደርድሮ ቴሌቪዥን ያያል። ቴሌቪዥኑ እንኳ ጠፍቶ ነበር።»

«እኛ ቤቱን እናስተካክለዋለን፣ አይዞዎት።»

«ስንት ማንቂያ ነው የምትሰቅልብኝ?»

«አራት። ሳሎን አንድ፣ ኮሪደሩ ላይ አንድ፣ ፎቁ ደረጃ ጫፍ ላይ አንድ፣ ኩሽና አንድ።»

«አራት? ቤቴን ባንክ አደረግከው እንዴ፣ ልጄ? የድሮው አንድ ብቻውን አብዶ ያሳብደኝ ነበር። ዓርብ ዓርብ ቺፕስ ስጠብስ ሰፈሩን ይቀሰቅሰዋል። በመጨረሻ በመጥረጊያ እንጨት አስተኛሁት።»

ታም ሊስቅ ፈልጎ ጉልበቱ አላሳቀውም። ቀስ ብሎ አስረዳቸው። ቤት ሽቦው አዲስ ሲሆን ማንቂያዎቹም ከቤቱ መብራት ነው የሚሠሩት፤ መብራት ቢጠፋ የሚተካ ባትሪ ሆዳቸው ውስጥ አለ። አራቱም የተሳሰሩ ናቸው፤ አንዱ ከጮኸ አራቱም ይጮሃሉ።

«እንደ እህቶቼ» አሉ ሚሲስ ካርስዌል።

«የኩሽናው ደግሞ የጭስ አይደለም፣ የሙቀት ነው። ጭስ አያውቅም። ጥብስዎን ቢጠብሱ፣ ዳቦ ቢያሳርሩ ዝም ብሎ ያይዎታል። እሳት ተነስቶ ኮርኒሱ ሲግል ብቻ ነው የሚጮኸው። እርስዎ የኩሽናውን በር ዝግ ያድርጉ፤ ኮሪደሩ ላይ ያለው ነው ጭስ የሚያውቀው።»

«ዝም ብሎ ያየኛል?»

«ዝም ብሎ።»

«ባሌም እንዲሁ ነበር የሚለው» አሉና ድመቷን አነሱ። ያላመኑት ያን ጊዜ ነበር። ታም ግን ዓይኑ ኮርኒሱ ላይ ስለነበር ፊታቸውን አላየውም።

ሥራው ሦስት ሳምንት ፈጀ። በወጣትነቱ ቢሆን በስምንት ቀን ይጨርሰው ነበር። ከደረጃ ሲወርድ ሁለት እግሩን አንድ እርከን ላይ እያሳረፈ ነው፤ ካቻቢቴው ሲወድቅበት ከማንሳቱ በፊት ቆሞ ያየዋል። አንዳንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የፎቁ ወለል ላይ በጀርባው ተጋድሞ ኮርኒሱን እያየ ለደቂቃዎች ዝም ይላል። ሚሲስ ካርስዌል ከታች ሆነው «ታም፣ ሞትክ እንዴ?» ይሉታል። «ገና ነኝ» ይላቸዋል። «ስትሞት ንገረኝ፣ ሾርባ አስቀምጬልሃለሁ።» ምስር ሾርባቸውን ይበላል፣ ይነሳል፣ ይቀጥላል።

የመጨረሻዋ ቀን ዓርብ ዋለች። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ ከወንዙ በኩል በአግድም ይመታ ነበር። ታም የመጨረሻውን ሶኬት አጠበቀ፤ የአራቱን ማንቂያ ክዳን አወለቀ፤ የአንዱን ቁልፍ ተጫነ። አራቱም ባንድ ላይ ጮኹ። ድመቷ ከሶፋው ሥር ገባች። ሚሲስ ካርስዌል ጆሯቸውን ይዘው «መቃብር ሥፍራው ድረስ ይሰማል» አሉ።

ወዲያው ስልኩ ጮኸ፤ ሼና ነበረች። እናትየው ስልኩን ለታም ሰጡት። ሼና ሁሉም በሕጉ መሠረት መሆኑን ጠየቀች፤ ከግድግዳ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደራቀ ሳይቀር ጠየቀች፤ ታምም መለሰ። እያነጋገራት የምስክር ወረቀቱን ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ሞላ፣ ፈረመ። ሚሲስ ካርስዌል ለሪና የሚሆን የዝንጅብል ኬክ በወረቀት ጠቅልለው በእጁ አስያዙት። እሱ ክዳኖቹን ከጠረጴዛው ላይ በመዳፉ ጠርጎ ኪሱ ከተተ፤ መሰላሉን ተሸከመ፤ በዝናቡ ውስጥ ወደ መኪናው ሄደ።

አልቆጠረም። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ በር ላይ ሳይቆጥር የሄደው ያን ቀን ብቻ ነው። መሰላሉን የመኪናው ጣሪያ ላይ ሲያስር ያሰበው «አበቃ» የሚለውን ብቻ ነበር።

ቤቱ ሲደርስ ሪና ጠረጴዛውን ጠርጋ ጠበቀችው። ለመጨረሻው ቀን ብላ አዲስ የጠረጴዛ ልብስ አንጥፋለች።

«እሺ ጡረተኛው» አለችው። «ስንት?»

ዘረገፈ። አንድ። ሁለት። ሦስት።

ሪና ወደ እሱ አየች። እሱ ኪሱን ገለበጠው። የቀኙን ኪስ ገለበጠው። የሱሪውንም። ወጥቶ መኪናውን ፈተሸ፤ የዕቃ ሻንጣውን መሬት ላይ ደፋው፤ ፒንሳው፣ ናስትሮው፣ ብሎኑ ሁሉ ተበተነ። ዝናቡ ጀርባውን አራሰው። ተመልሶ ገባና ጠረጴዛው አጠገብ ቆመ።

«ስንት ነበር የሰቀልከው?» አለች ሪና፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«አራት።»

«ከሳጥኑ ጋር ጥለኸው ይሆናል።»

«ጮኾ ነበር እኮ» አለ ታም። «አራቱም ጮኹ።» ሌኪ ቤትም ጮኾ እንደነበር ሁለቱም ያውቁ ነበር።

ማውለቁን ሊያስታውስ ሞከረ። የሳሎኑን አስታወሰ፤ ከዚያ ግን ሳሎኑ የሌላ ሰው ሳሎን ሆነበት፤ ባለፈው ዓመት የሠራው፣ ከዚያ በፊት የሠራው። አርባ ሁለት ዓመት ያያቸው ኮርኒሶች ሁሉ አንድ ነጭ ሜዳ ሆነው ተዘረጉበት። ፈራ። 

ስልኩን አንስቶ ሚሲስ ካርስዌል ዘንድ ደወለ። መስመሩ ተይዟል። እንደገና ደወለ። ተይዟል። ዓርብ አመሻሽ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሼና ለእናቷ ትደውላለች፤ እናትየው እራት እስኪጥዱ ድረስ ያወራሉ።

ዓርብ። የዓርብ እራታቸው ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ትዝ አለው።

«ነገ በጠዋት ብትሄድስ?» ልትለው ሪና አፏን ከፈተች፤ ፊቱን አየችና በእርጥቡ ጃኬት ምትክ ደረቅ ጃኬት አምጥታ አለበሰችው። «ቀስ ብለህ ንዳ» ብቻ አለችው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለእንደዚህ ያለ ጊዜ ነው፤ ምሳሌ የሚጠቅስ ሰው ግን በዚያ ቤት አልነበረም።

የግሪኖክ መንገድ ቁልቁለትና አቀበት ነው፤ ከቤቱ እስከ ሚሲስ ካርስዌል ዘንድ አሥር ደቂቃ ያህል ነው። ታም መንገዱን ሁሉ ከፊቱ ቀይ ነገር እየፈለገ ነዳ፤ የእሳት አደጋ መኪና ሰማያዊ መብራት እየፈለገም ነዳ። ምንም አልነበረም፤ ዝናብ ብቻ። ሌኪን አሰባቸው። ሌኪ ጋዜጣ ሲዘረጉ አሰባቸው። «ሁለተኛማ አይሆንም» አለ ድምፅ አውጥቶ፤ ለማን እንዳለው እሱም አያውቅም።

ሚሲስ ካርስዌል በሩን የከፈቱት በአንድ እጃቸው ሹካ ይዘው ነው። የቀለጠ ሞራ ሽታ ከኋላቸው ወጣ።

«ታም? ምን ረሳህ?»

ታም አንጋጠጠ። የኮሪደሩ ነጭ ነው፤ ክዳን የለበትም። አልፏቸው ገባ። የሳሎኑም ነጭ ነው። ደረጃውን ያዘ። አሥራ ሦስት እርከን ነው፤ ጉልበቱ በእያንዳንዱ ላይ ሰደበው። የፎቁም ነጭ ነው። የደረጃውን መደገፊያ ይዞ ትንፋሹን ሰበሰበ፤ ከዚያ ወረደ።

ሚሲስ ካርስዌል የኩሽናውን በር ዘግተው ፊት ለፊቱ ቆመዋል። ቁመታቸው በሩን ሞላው።

«ኩሽናው ደህና ነው» አሉ።

«አንድ ጊዜ ልየው፣ ሚሲስ ካርስዌል።»

«ውጥንቅጥ ነው። አፍራለሁ።»

«እባክዎ።»

ከበሩ ዞር አሉ። ድስቱ ምድጃው ላይ ነው፤ ሞራው መፍላት ጀምሯል፤ ድንቹ ተቆርጦ በፎጣ ላይ ተሰጥቷል። ከላይ፣ ኮርኒሱ ላይ፣ የሙቀት ማንቂያው ቀይ ክዳኑን ለብሶ ተሰቅሏል።

ታም መጀመሪያ ምድጃውን አጠፋ። ከዚያ ያገኘው ወንበር ላይ ተቀመጠ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲጠብቅ የነበረውን ነገር ያገኘ ሰው እንደዚያ ነው የሚሆነው። እንግዲህ እኔ ነኝ አለ በልቡ። ሌኪ ጋም እኔ ነኝ፤ እዚህም እኔ ነኝ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አላቸው። «ረስቼው ነው። ወረቀቱን ፈርሜ፣ ለልጅዎም ሁሉም ተስተካክሏል ብዬ ነግሬ... ይሄን ትቼብዎት ሄድኩ። እሳት ቢነሳ ኖሮ...»  ስልሳ ሦስት ዓመት የሞላው ሰውዬ መዳፉን ዓይኑ ላይ አድርጎ አለቀሰ።

ሚሲስ ካርስዌል ሹካቸውን እንደያዙ ቆሙ። ዝም ቢሉ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ጥፋቱን ሰውየው ራሱ ተሸክሞታል፤ ሼና ብትሰማም የሠራተኛው ስህተት ነው፤ እሳቸው ቤታቸው ይቀራሉ። ይህ ሁሉ በፊታቸው ሲያልፍ ይታይ ነበር። ሹካውን አስቀመጡ።

«አልረሳኸውም» አሉ።

ታም ቀና አለ።

«አውልቀኸው ነበር። አራቱንም እዚህ ጠረጴዛ ላይ ደርድረሃቸው ነበር። አንተ ከሼና ጋር ስታወራ አንዱን አነሳሁና የሹራቤ ኪስ ከተትኩት። ስትሄድ ከዚያ በርጩማ ላይ ወጥቼ መልሼ ከደንኩት።» ከምድጃው አጠገብ ወዳለች ባለ ሁለት እርከን በርጩማ በአገጫቸው ጠቆሙ። «ልክ ገጠመ። ቀጭ አለ።»

«ለምን?»

«ዓርብ ነዋ!» አሉ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸው ከፍ አለ። «ጥብሴን ስጀምር ይጮሃል፤ አራቱም ይጮሃሉ፤ ጎረቤቴ ይሰማል፤ ለሼና ይደውላል። እሷ የምትጠብቀው እሱን ነው። ነገ ሻንጣዬን ይዛ ትመጣለች።»

«አይጮኽም ብዬዎት ነበር እኮ። ጭስ አያውቅም አልኩዎት።»

«ብለኸኛል። ግን ልጄ፣ እኔ ስንት ዓመት ነው የምሰማው፣ አይጮኽም፣ አይፈስም፣ አይሰበርም። ሁሉም ጮኾ፣ ፈሶ፣ ተሰብሯል።»

ታም ቀዩን ክዳን አየው። ከዚያ እሳቸውን አያቸው። ጥያቄው ከአፉ ሲወጣ ድምፁ የሌላ ሰው መሰለው።

«ሌላም ሰው ያደርገዋል? ክዳኑን መልሶ መክደን?»

«ምን ማለትህ ነው?»

«ማለቴ... ብቻውን የሚኖር ሽማግሌ። ቺፕስ የሚወድ። ክዳኑ መደርደሪያ ላይ ቢተውለት።»

ሚሲስ ካርስዌል ጥያቄው ከየት እንደመጣ አላወቁም፤ መልሱን ግን ያውቁታል። «እንዴታ፣ ያደርገዋል እንጂ። ክዳን ያላገኘ የገላ መታጠቢያ ኮፍያ ያለብሰዋል። ማዶ ያለችው ኔታ ካልሲ ታለብሰው ነበር። ሰው በገዛ ቤቱ ድንች ሲጠብስ የሚጮህበት ነገር አይወድም፤ ያፍነዋል። ከዚያ ማንሳቱን ይረሳዋል። እኔስ አነሳው ነበር ብለህ ነው?»

 ታም ሌኪን በዓይነ ልቦናው አያቸው፤ እኚያን ረጅም ሽማግሌ፣ መርከብ ላይ ሲወጡ የኖሩ፣ መሰላል የማይፈልጉ። ከመደርደሪያው ላይ ክዳኑን ሲያነሱ፣ ክንዳቸውን ዘርግተው ቀጭ ሲያደርጉት፣ ድስቱን ሲጥዱ። እንዲህ መሆኑን የሚያውቅ የለም፤ ታምም አያውቅም። ግን በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ያንን ኮርኒስ ባሰበ ቁጥር ያያት አንዲት እጅ ብቻ ነበረች፤ የራሱ። አሁን ሌላ እጅ መጣች። ሸክሙ አልወረደለትም፤ ሌላ ሰው አንዱን ጫፍ የያዘለት ያህል ግን ቀለለው።

«ተቆጣኸኝ» አሉ ሚሲስ ካርስዌል።

«አልተቆጣሁም።»

«ለሼና ትነግራታለህ?»

ታም ተነሳ። በርጩማዋ ላይ ወጣ፤ ጉልበቱ ሰደበው፤ ክዳኑን በአውራ ጣቱ ፈልቅቆ አወለቀው። ወርዶ እጁ ላይ ያዘው።

«ለሼና የነገርኳት አራት ተገጥሟል ብዬ ነው። አራት ነው። በዚህ በርጩማ ላይ ሁለተኛ ከወጡ ግን የምደውልላት እኔ ነኝ። እሳት ሳይሆን በርጩማው ነው የሚገድልዎት።»

«አይ አንተ» አሉ፤ ትንሽ ፈገግ ብለው።

«አሁን ድስቱን ይጣዱ። በሩን እዘጋለሁ። እዚሁ ቁጭ ብዬ አያለሁ።»

ጣዱት። ሞራው ተንጫጫ፤ ድንቹ ገባ፤ እንፋሎትና ጭስ ወደ ኮርኒሱ ወጣ። ሚሲስ ካርስዌል ሊነክስ ይችላል የተባለ ውሻ እንደሚያዩ አንጋጠው ማንቂያውን አዩት። አንድ ደቂቃ። ሦስት ደቂቃ። ድንቹ ወርቅማ ሆነ፤ አወጡት፤ ሁለተኛውን ከተቱ።

«ዝም አለ እኮ» አሉ በሹክሹክታ።

«ዝም ብሎ ያይዎታል።»

ጨውና ኮምጣጤ አርከፈከፉበት። ሳህን ሊያወጡ ሲሉ ታም ጠረጴዛው ላይ ያለውን የትናንት ጋዜጣ ዘረጋ። ለምን እንደሆነ አልጠየቁትም፤ እዚያው ላይ ገለበጡለት። ከሌኪ ወዲህ ሰው ቤት ቺፕስ በልቶ አያውቅም ነበር። ጣቱን እያቃጠለው በላ። ሚሲስ ካርስዌል ስለ መርከቦችና ስለ ስኳር ጆንያ ያወሩለት ነበር፤ ግማሹን አልሰማም። ደክሞት ነበር፤ ግን ይህኛው ቅዳሜ ተኝተው እሑድ የሚነሱበት ድካም ይመስል ነበር።

ቤቱ ሲደርስ ሪና ሦስቱን ክዳኖች ጠረጴዛው ላይ እንደነበሩ ትታቸው ቁጭ ብላ ጠበቀችው። አራተኛውን ከሦስቱ አጠገብ አስቀመጠው።

«አራት» አለ።

«የት ነበር?»

ጃኬቱን ሳያወልቅ ተቀመጠ። ኮምጣጤና ሞራ ይሸታል። ክዳኑን በጣቱ ጠረጴዛው ላይ አሽከረከረውና እስኪቆም ጠበቀ።

«ሪና፣ ሚስተር ሌኪም እኮ ቺፕስ ይወዱ ነበር።»

ሪና ያንን ስም ከአፉ ከሰማች አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሻይ ልትቀዳ ያነሳችውን ማንቆርቆሪያ መልሳ አስቀመጠችና ከጎኑ ተቀመጠች።

«ንገረኝ» አለችው።